ገበያውን ለማሸነፍ የሚጮኽ ሙዚቃ

የአዲስ አበባው መርካቶ የእህል ገበያ፣ እህል በረንዳ፣ ጎህ ሳይቀድ ይነቃል። ከጎጃም፣ ከሸዋና ከአርሲ ጤፍና ስንዴ ጭነው ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ የጭነት መኪኖች ወደ ኋላ እየሄዱ ቦታ ይይዛሉ። ረዳቶች የመኪናውን ጎን በመዳፋቸው እየመቱ «ና! ና! በቃ!» ይላሉ። ኩንታል የተሸከሙ ወዛደሮች መንገድ ለማስለቀቅ ይጮኻሉ፤ ክላክስ ይነፋል፤ ወፍጮዎች ይነሳሉ፤ ወያሎች «አውቶቡስ ተራ!» እያሉ ይጣራሉ። ረፋዱ ላይ ደግሞ በየሱቁ ደጃፍ የተገተሩት ሞንታርቦዎች ይከፈታሉ። በዚህ ሁሉ መሀል ኤርፎን ጆሮው ውስጥ የሰካ ወጣት በየአቅጣጫው ይታያል። ጭነት የሚያራግፈው፣ ጤፍ የሚያበጥረው፣ ሚዛን አጠገብ ቆሞ ተራ የሚጠብቀው፣ ሁሉም የየራሱን ዘፈን ይዟል።

ይህ ወጣት ሙዚቃውን ለምን ያን ያህል ከፍ እንዳደረገው ቢጠየቅ መልሱ ቀላል ነው፤ ካላስጮኸው አይሰማውም። ስለ ጆሮ ጤና የሚሰጡ ምክሮች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ይህን ነው። «ድምፁን ቀንስ» የሚለው ምክር ጸጥ ባለ ክፍል ለተቀመጠ አድማጭ ይሠራል። በመርካቶ ግን ሙዚቃው የሚጮኸው አድማጩ ጩኸት ስለወደደ ሳይሆን ገበያው ቀድሞ ስለጮኸ ነው። ጆሮን የሚጎዳው የሁለቱ ድምር ነው፤ ጥንቃቄውም ከኤርፎኑ በፊት በዙሪያው ካለው ድምፅ መጀመር አለበት።

ጉዳቱ ራሱን የሚያሳውቀው አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። ቤት ተገብቶ፣ ራት ተበልቶ፣ ጋደም ሲባል ከውጭ ያልመጣ ድምፅ ጆሮ ውስጥ ይቀራል። አንዱ ቀጭን ፉጨት ነው ይላል፤ ሌላው የማያቋርጥ ሽውታ፣ ሌላው የሞተር ጉርምርምታ ይለዋል። ሐኪሞች ቲኒተስ ብለው ይጠሩታል። «ሰው እያማኝ ይሆናል» ብሎ የሚያልፈው አለ፤ ጠዋት ሲነሳ ከጠፋለት ደግሞ ጨርሶ ይረሳዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ጃማ ኒውሮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣና የብዙ አገሮችን ጥናቶች ያጠቃለለ ትንተና እንዳሳየው፣ በዓለም ላይ ካሉ አዋቂዎች 14 በመቶ ገደማ የሚሆኑት፣ ማለትም ከ740 ሚሊዮን በላይ ሰዎች፣ ይህን ድምፅ ያውቁታል። ከእነዚህ ውስጥ ከ120 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ኑሮን የሚያውክ ከባድ ችግር ሆኖባቸዋል።

ድምፁ ከየት ይመጣል? መልሱ ያለው ከጆሮ ታምቡር ጀርባ፣ ኮክሊያ በሚባለውና የቀንድ አውጣ ቅርፊት በሚመስለው የውስጠኛው ጆሮ ክፍል ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ ጫፋቸው ላይ ፀጉር መሰል ነገር ያላቸው ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴሎች አሉ። የድምፅ ሞገድ ሲመጣ ይወዛወዛሉ፤ ውዝዋዜውንም ወደ ነርቭ መልእክት ለውጠው ለአንጎል ይልካሉ። ድምፁ ከመጠን ሲያልፍ ወይም ሲረዝም ሴሎቹ ይደክማሉ፤ ድካሙ ሲደጋገም ደግሞ ይሞታሉ። በሰው ልጅ የሞተ የመስሚያ ሴል አይተካም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መገባደጃ እንደደረሱበት ጫጩት በድምፅ የተጎዱባትን ሴሎች መልሳ ታበቅላለች፤ ሰውን ጨምሮ አጥቢ እንስሳት ግን ይህ ችሎታ የላቸውም።

አንጎል መልእክቱ ሲቀንስበት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከዚያ አቅጣጫ የሚጠብቀውን ድምፅ ለማግኘት የራሱን የማጉላት አቅም ከፍ ያደርጋል። ሲያጎላ የነርቮቹን የራሳቸውን እንቅስቃሴ ድምፅ አድርጎ ይሰማዋል። ብዙ ተመራማሪዎች አሁን የሚስማሙበት ማብራሪያ ይህ ነው። ስለዚህ የጆሮ ጩኸት የሚወለደው ጆሮ ላይ በደረሰ ጉዳት ቢሆንም የሚቀጥለው አንጎል ውስጥ ነው። ሰውዬው ጸጥ ወዳለ ቦታ በሄደ ቁጥር የሚብስበትም የሚያደበዝዘው ሌላ ድምፅ ስለሚጠፋ ነው።

«ጠዋት ጠፍቷል፤ ድኛለሁ» የሚለው እምነትም ቢሆን እንደ ቀድሞው አያጽናናም። ሻሮን ኩጃዋ እና ቻርልስ ሊበርማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጦች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። አይጦቹ ለከፍተኛ ድምፅ ከተጋለጡ በኋላ መስማታቸው በምርመራ ሲታይ ወደ ነበረበት ተመልሷል፤ የመስሚያ ሴሎቻቸውም አልሞቱም። ሴሎቹን ከነርቭ ጋር ከሚያገናኙት መጋጠሚያዎች መካከል ግን ብዙዎቹ ለዘለቄታው ጠፍተው ተገኙ። የሰው ጆሮም በተመሳሳይ መንገድ ሊጎዳ እንደሚችል የሚጠረጥሩ ባለሙያዎች፣ በጸጥታ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ «ጤነኛ ነህ» ያለው ሰው በጫጫታ መሀል ወሬ መለየት የሚያቅተው ለምን እንደሆነ በዚህ ግኝት ማብራራት ጀምረዋል።

የድምፅ መለኪያው ዴሲቤል ነው፤ አቆጣጠሩም ከእህል ሚዛን የተለየ ነው። በ90 ኩንታል ላይ 3 ኩንታል ቢጨመር 93 ኩንታል ነው፤ ልዩነቱም እምብዛም አይታይም። በ90 ዴሲቤል ላይ 3 ዴሲቤል ሲጨመር ግን ወደ ጆሮ የሚገባው ጉልበት እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ የሥራ ቦታ ጤንነት ተቋም በዚህ ስሌት ላይ ተመሥርቶ ያወጣው ምክር በብዙ አገሮች ይጠቀሳል። በ85 ዴሲቤል ውስጥ 8 ሰዓት መሥራት ይቻላል፤ በ88 ግን 4 ሰዓት፣ በ91 ደግሞ 2 ሰዓት፣ በ94 አንድ ሰዓት ብቻ ነው። መቶ ሲደርስ የሚፈቀደው ጊዜ 15 ደቂቃ ነው።

ለሙዚቃ አድማጭ የወጣው መስፈርት ከዚህም ይጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት የጋራ መስፈርት የአዋቂ ሰው ድርሻ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ለሕፃናት ደግሞ በ75 ዴሲቤል። በዚሁ ስሌት ድምፁን ወደ 92 ዴሲቤል ያደረሰ ሰው የሳምንቱን ድርሻ በ2 ሰዓት ተኩል ይጨርሳል። ሰኞ ጠዋት እህል በረንዳ የገባ ተሸካሚ ረፋድ ላይ ሻይ ሳይጠጣ የሳምንቱን አሟጦታል ማለት ነው። ድርጅቱ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች በዚህ ዓይነት የማዳመጥ ልማድ ምክንያት ለመስማት ጉዳት የተጋለጡ ናቸው የሚለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ያለ መሣሪያ የድምፅን መጠን መገመቻ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። በክንድ ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመግባባት ድምፅን ከፍ ማድረግ ግድ ከሆነ፣ አካባቢው 85 ዴሲቤል አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በዚህ መለኪያ እህል በረንዳን ዞር ዞር ብሎ መፈተን ለማንም ይቻላል። ወፍጮ ቤት ውስጥ ዱቄት የሚያስፈጭ ሰው ከወፍጮው ባለቤት ጋር የሚነጋገረው ጆሮው ላይ ተጠግቶ ነው። ጭነት በሚራገፍበት ቦታ ዋጋ የሚነገረው በጩኸት ነው። እዚያው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ብረት ቀጥቃጮች አጠገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ንግግሩ የሚቀለው በእጅ ምልክት ነው፤ የመዶሻ ድምፅ ደግሞ ድንገተኛ ስለሆነ ጆሮ ራሱን ለመከላከል ፋታ አያገኝም።

አሁን በዚህ ላይ ኤርፎን ይጨመር። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ዓይነት ኤርፎን የጆሮን ቀዳዳ በደንብ ስለማይደፍን የውጭው ጫጫታ እንዳለ ይገባል። አድማጩ ግጥሙን ለመለየት ሙዚቃውን ከጫጫታው በላይ ማውጣት አለበት። ዙሪያው 85 ከሆነ እሱ 90 እና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ሳያውቀው ነው የሚያደርገው፤ ምክንያቱም ለእሱ ዘፈኑ ገና «መካከለኛ» ነው። ያንኑ ስልክ በዚያው የድምፅ መጠን ማታ ቤት ውስጥ ቢከፍተው ከጆሮው ነቅሎ ይጥለው ነበር።

የሙዚቃ ድምፅ እንዲህ ጆሮ ውስጥ ተጠግቶ መግባቱ አዲስ ነገር ነው። መሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ጉልበታቸው የሚወሰነው በእንጨቱ፣ በቆዳውና በሰው ትንፋሽ ነው፤ ድምፃቸውም ሳሎን ውስጥ ላለ ሁሉ ይከፋፈላል። እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ ተሰማ እሸቴ በርሊን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ፣ ሸክላው የሚሰማው በግራሞፎን ጡሩንባ ነበር። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሳቸውን የሸክላ ኩባንያ ጀምረው የአዲስ አበባን ዘመናዊ ሙዚቃ ሲያሳትሙም፣ ከዚያም ካሴት ሸክላን ተክቶ ዘፈን በየሱቁ፣ በየመኪናውና በየሻይ ቤቱ ሲናኝ፣ ሙዚቃው የብዙ ሰው ነበር። ሶኒ ዎክማን የተባለውን ተንቀሳቃሽ የካሴት ማጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1979 ሲያወጣ ግን ሙዚቃ ከክፍሉ ወጥቶ ጆሮ ውስጥ ገባ። ዛሬ ሜሞሪ ላይ በሺዎች የሚቆጠር ዘፈን የጫነ ወጣት ከጠዋት እስከ ማታ ሳያቋርጥ ያዳምጣል። የካሴት አንድ ገጽ ሲያልቅ የሚገኘው ትንሽ ዕረፍት እንኳ ቀርቷል።

ከሙዚቃ ጋር የኖሩ ሰዎች ታሪክ ጉዳዩን በሌላ በኩል ያሳያል። ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1801 ለሐኪም ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ጆሮዎቹ ቀንና ሌሊት እንደሚጮኹበት ነግሮታል፤ የእሱ ሕመም ከጩኸት የመጣ አልነበረም። የቼኩ የሙዚቃ ደራሲ ቤድሪክ ስሜታና እ.ኤ.አ. በ1874 ሙሉ በሙሉ ከደነቆረ በኋላ በ1876 በጻፈው የአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች ድርሰት መጨረሻ ላይ፣ ጆሮው ውስጥ ይሰማው የነበረውን ቀጭን ፉጨት ቫዮሊኑ እንዲያሰማ አድርጎታል። ወደ ዘመናችን ሲመጣ ምክንያቱ ድምፅ ማጉያ ሆነ። የእንግሊዙ ዘ ሁ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1976 ለንደን ውስጥ ያቀረበው ኮንሰርት ከድምፅ ማጉያዎቹ 32 ሜትር ርቀት ላይ 126 ዴሲቤል ተለክቶ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ጊነስ በኋላ ይህን የውድድር ዘርፍ የሰውን ጆሮ ያስጎዳል ብሎ ሰረዘው።

የዚያ ባንድ ጊታር ተጫዋች ፒት ታውንዘንድ የመስማት ጉዳቱንና የጆሮ ጩኸቱን ሳይደብቅ የሚናገር ሰው ነው። እሱ አብዝቶ የሚያማርረው ግን ስቱዲዮ ውስጥ ለረጅም ሰዓት ያደርገው በነበረው የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ከመድረኩ ይልቅ የጎዳው ማዳመጫው መሆኑን ተናግሯል። እ.ኤ.አ. በ1988 አሜሪካ ውስጥ ሙዚቀኞችን ስለ ጆሮ ጤና ለማስተማር ሂር የተባለ ማኅበር ሲቋቋም ታውንዘንድ ረድቷል። በዚያው ዘመን ኢቲሞቲክ የተባለው ኩባንያ ለሙዚቀኞች የሚሆን የጆሮ መድፈኛ ሠራ። ተራው ስፖንጅ መድፈኛ ቀጫጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ አብልጦ ስለሚቆርጥ ሙዚቃው ይደበዝዛል፤ አዲሱ ግን ሁሉንም በእኩል መጠን፣ ወደ 15 ዴሲቤል ገደማ፣ ይቀንሳል። ዘፈኑ ያው ዘፈን ሆኖ ይቀራል፤ ጉልበቱ ብቻ ይወርዳል። ይህ ነገር በአዲስ አበባ የምሽት ቤቶች ከድምፅ ማጉያ ፊት ቆመው ሌሊቱን ለሚሠሩ ከበሮ መቺዎች፣ ኪቦርድ ተጫዋቾችና ዲጄዎች ከማንኛውም መሣሪያ እኩል ሊታይ የሚገባው የሥራ ዕቃ ነው።

እህል በረንዳ ላይ ደግሞ ጆሮ ራሱ የሥራ ዕቃ ነው። ኢኮኖሚስቷ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያ የእህል ንግድ ምን ያህል በአዲስ አበባ ደላሎች ትከሻ ላይ እንደቆመ አሳይተዋል። ክፍለ ሀገር ያለው ነጋዴ እህሉን ይልካል፤ ደላላው ገዢ ያገናኛል፤ ዋጋው በስልክ ይነገራል፤ ቃል ደግሞ ውል ነው። በጩኸት የሚመጣ የመስማት ጉዳት የሚጀምረው ከቀጫጭኖቹ ድምፆች ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»፣ «ጸ» ቀድመው ይደበዝዛሉ። ሰውዬው ንግግር ይሰማል፤ የተባለውን ግን አይለይም። «ይሰማኛል፣ ግን አይገባኝም» የሚለው ቅሬታ ሐኪም ቤት የሚደጋገመው ለዚህ ነው። ዋጋ በስልክ ለሚጠይቅ ነጋዴ ይህ ገንዘብ ነው፤ ከኋላው የሚመጣ መኪና ለማይሰማ ተሸካሚ ደግሞ ሕይወት ነው።

የጆሮ ጩኸት ሁሉ ከድምፅ አይመጣም። ቀላሉ ምክንያት ተጠቅጥቆ የደረቀ የጆሮ ኩክ ነው፤ ይህንንም ኤርፎንና በክብሪት እንጨት መጎርጎር ወደ ውስጥ ይገፉታል። መግል የሚያወጣ የቆየ የጆሮ ሕመም ሌላው ነው። መድኃኒትም አለበት። እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎች፣ ቀድሞ ለሳንባ ነቀርሳ በብዛት ይሰጥ የነበረው ስትሬፕቶማይሲን፣ ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን፣ በብዛት የተወሰደ አስፕሪንም ጆሮ እንዲጮኽ ያደርጋሉ። ኩዊኒንና አስፕሪን ሲቆሙ ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ የመርፌዎቹ ጉዳት ግን ዘላቂ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ጀምሮ ጆሮው የጮኸበት ሰው ለሐኪሙ ወዲያው መናገር አለበት። ቅቤ ወይም የቅጠል ጭማቂ ጆሮ ውስጥ ማንጠብጠብ ደግሞ ታምቡሩ የተበሳ ከሆነ ኢንፌክሽኑን ያባብሰዋል።

ቀን ሳይሰጡ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ምልክቶች አሉ። ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ሲሆን፣ ከልብ ምት ጋር አብሮ ሲመታ፣ ማዞር ሲያስከትል፣ ወይም መስማት በድንገት፣ በሰዓታትም ሆነ በአንድ ሌሊት፣ ሲቀንስ ችግሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። በተለይ በድንገት የሚመጣ የመስማት መጥፋት ሕክምናው ውጤት የሚያመጣው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የአንገት በላይ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ደግሞ ከመርካቶ ሩቅ አይደለም።

ሌላም ፍርሃት አለ፤ ብዙ ሰው አይናገረውም። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰው «አእምሮዬ ታውኮ ይሆን?» ብሎ ይጨነቃል። የአገሪቱ አንጋፋ የአእምሮ ሕክምና ተቋም የሆነው አማኑኤል ሆስፒታል ያለው መርካቶ ባለበት በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ነው፤ ስሙም በሰፈሩ ሰው አፍ ለማስፈራሪያ ሲውል ኖሯል። ስለዚህ ጆሮው የሚጮኽበት ወጣት ለማንም ሳይነግር ይከርማል። ፉጨትና ሽውታ መስማት ግን ትእዛዝና ንግግር ከመስማት ፈጽሞ የተለየ ነው፤ የአእምሮ መታወክ ምልክትም አይደለም። በሌላ በኩል የማያቋርጥ ጩኸት እንቅልፍ ይነሳል፤ ጭንቀትና ድብርት ያስከትላል። ጭንቀቱ ደግሞ በተራው ጩኸቱን ያጎላዋል። ለዚህ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር ተገቢም ጠቃሚም ነው።

የጆሮን ጩኸት የሚያጠፋ ክኒን እስካሁን የለም። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ በየፋርማሲው የሚሸጡ እንደ ጊንኮ ቢሎባ ያሉ ማሟያዎችን እንዳይሰጡ መክሯል። በጥናት ጥቅሙ የተረጋገጠው ሰውዬው ለድምፁ የሚሰጠውን ትርጉምና ምላሽ እንዲለውጥ የሚያሠለጥን የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። መስማቱ የቀነሰ ሰው የመስሚያ አጋዥ መሣሪያ ሲደረግለት ጩኸቱም ሊቀልለት ይችላል፤ አንጎል የጎደለውን ድምፅ መልሶ ያገኛልና። ማታ ፍጹም ጸጥታን ትቶ ሬዲዮን ዝቅ አድርጎ መክፈትም ብዙዎችን ያስተኛል። ሕክምናውን የሚሰጡ ሰዎች ግን ጥቂት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ሪፖርት መሠረት ከዝቅተኛ ገቢ አገሮች 78 በመቶ የሚሆኑት ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የአንገት በላይ ሐኪም እንኳ አይደርሳቸውም፤ የመስማት ምርመራ ባለሙያን በተመለከተ ደግሞ 93 በመቶዎቹ በዚያው ደረጃ ላይ ናቸው። መዳኛው ሩቅ ሲሆን መከላከሉ ይበልጥ ግድ ይላል።

እህል በረንዳ ላይ መከላከል ምን ይመስላል? የመጀመሪያው ሥራንና ማዳመጥን መለየት ነው። ጫጫታውን የሚደፍን ኤርፎን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለማዳመጥ ያስችላል፤ ለታክሲ፣ ለአውቶቡስና ለዕረፍት ሰዓት ከተራው ኤርፎን ይሻላል። መኪና ወደ ኋላ በሚመጣበት፣ ጋሪ በሚገፋበት ቦታ ግን ሁለቱንም ጆሮ በሙዚቃ መድፈን አደጋን መጋበዝ ነው። ስለዚህ ለተሸካሚው የሚበጀው ኩንታል ትከሻው ላይ ሳለ ኤርፎኑን ኪሱ ውስጥ ማድረግ፣ ጭነቱ አልቆ ጥላ ሥር ሲያርፍ ደግሞ ከጫጫታው ራቅ ብሎ ማዳመጥ ነው። ሙዚቃው በዚያች ሰዓት በግማሽ ድምፅ ይበቃዋል።

የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ጉዳይ ይለያል። ለእሱ የሚያስፈልገው የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ነው። መድፈኛው በጣት ተጠቅልሎ ይቀጥናል፤ በሌላኛው እጅ ጆሮ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳባል፤ መድፈኛው ገብቶ እስኪያብጥ ድረስ በጣት ተይዞ ይቆያል። ለይምሰል ደጁ ላይ የተቀመጠ መድፈኛ አይሠራም። ብዙዎች የሚጠቀሙበት ጥጥና ሶፍትም ዱቄቱን ይከለክል እንደሆን እንጂ ድምፁን እምብዛም አይቀንስም።

ስልኩ ላይ ያለው ጥበቃም አለ። አብዛኞቹ ስልኮች ድምፁ ከልክ ሲያልፍ «ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ ድምፅ ማዳመጥ ጆሮዎን ሊጎዳ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ፤ ሰውም ሳያነበው ይነካውና ያልፋል። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ከፍተኛውን የድምፅ ጣሪያ አስቀድሞ መገደብ ይህን ፈተና ያስቀራል። ከሠርግ፣ ከኮንሰርት ወይም ከምሽት ቤት ማግስት ደግሞ ለጆሮ የጸጥታ ቀን መስጠት ይገባል። በገላጣ ቦታ ከድምፅ ማጉያው ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ በሠርግ ድንኳን ውስጥ ሕፃን ያዘለች እናት ወንበሯን ከሞንታርቦው ማራቋ ብቻ ትልቅ ነገር ነው።

ሁሉንም በአድማጩ ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 300/1995 የአካባቢ ብክለትን ሲቆጣጠር ድምፅንም ያካትታል፤ በአገሪቱ የድምፅ ደረጃ መሠረት በንግድ አካባቢ ቀን ከ65፣ ሌሊት ከ55 ዴሲቤል፤ በመኖሪያ አካባቢ ቀን ከ55፣ ሌሊት ከ45 ዴሲቤል ማለፍ የለበትም። መርካቶ ደግሞ ንግድም መኖሪያም ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ሰው ይተኛል፣ ሕፃን ያድጋል። በክንድ ርቀት መጮኽ የሚያስገድድ አካባቢ ከዚህ ደረጃ ምን ያህል እንደራቀ ማንም ሊያሰላው ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የደኅንነት መጠበቂያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በጭነት የሚከፈለው ተሸካሚ ግን ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው ስለሚሠራ አሠሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የሕጉ ጥበቃም እሱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ደጃፉ ላይ ሞንታርቦ የሚያስጮኽ ነጋዴም ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለ። ደንበኛው ለአንድ ደቂቃ ሰምቶት ያልፋል፤ ከማጉያው አጠገብ በርጩማ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ግን የሱቁ ልጅ ነው። ጎረቤት ድምፁን ሲጨምር እሱም ይጨምራል፤ ሌላውም ይከተላል። በመጨረሻ የማንም ማስታወቂያ አይለይም። መንገዱን የሚጋሩ ሱቆች በአንድ የድምፅ ጣሪያ ቢስማሙ ማንም ገበያ አያጣም፤ ኤርፎን የሰካውም ወጣት ሙዚቃውን ዝቅ ማድረግ ይችላል።

የዓለም የመስማት ቀን በየዓመቱ ማርች 3 ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 24፣ የዓድዋ በዓል ማግስት ነው። በዕለቱ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ከማድረግ ይልቅ ሊደረጉ የሚችሉ ሥራዎች አሉ። የክፍለ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤትና የሆስፒታሎቹ የአንገት በላይ ክፍሎች ድንኳን ይዘው እህል በረንዳ ቢወርዱ የተሸካሚውን፣ የአበጣሪውንና የወፍጮ ሠራተኛውን ጆሮ በመብራት ማየት፣ ኩኩን ማውጣት፣ መስማቱን መለካትና መድፈኛ አደራረግን ማሳየት ይችላሉ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑም የድምፅ መለኪያውን ይዞ ቢመጣና ውጤቱን ለነጋዴው በዚያው ቢያሳየው፣ ስለ ድምፅ ጣሪያ የሚደረገው ድርድር በግምት ሳይሆን በቁጥር ይጀመራል።